ከሐረማያ ዳር እስከ ደንገጎ ጫፍ፦ የጥቅምትን ወፎች በሰዓታቸው ማግኘት

ጥቅምት በመጣና ከሰሜን የሚፈልሱት ወፎች ማለፍ በጀመሩ ቁጥር ስልኬ ላይ ያው ጥያቄ ይመጣል። «አቦ፣ ንስሮቹ የት ጋ ነው የሚያልፉት?» ቦታውን እነግራለሁ፤ ደንገጎ፣ ከድሬዳዋ በላይ ያለው ገደል ጫፍ። ሰውየው በነጋታው ይደውላል። «ሄድኩ፣ ምንም የለም።» ስንት ሰዓት ነው የሄድከው ስለው፣ «12 ተኩል ላይ ደርሼ ነበር፤ 2 ተኩል ሲሆን ሰለቸኝና ተመለስኩ» ይላል። በዚያ ሰዓት ንስሩ ገና ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ እየሞቀ ነው።

ሌላው ደግሞ ተገላቢጦሹን ያደርጋል። ሐረማያ ሐይቅ ዳር በ6 ሰዓት ይደርሳል፣ ውሃው እንደ መስታወት ያንጸባርቅበታል፣ ከብትና ሕፃን ይሯሯጣል፣ ዳክዬዎቹ መሃል ገብተው ተኝተዋል።

ሁለቱም ቦታ አልሳቱም። የሳቱት ሰዓት ነው። ስለዚህ ሁሌ በስልክ የምደጋግመውን እዚህ ልጻፈው። ድሬ ስለሆንን «አንቱ» የለም፣ አንተ እያልኩ እቀጥላለሁ። እህቶቼ በአንቺ አንብቡት።

የሚያስፈልግህ

- ባይኖኩላር። 8 በ42 የሚል ቁጥር ያለውን ፈልግ። 8 ማለት ነገሩን ስምንት እጥፍ ያቀርባል፣ 42 ደግሞ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 12 ወይም 20 የሚል ስታይ አትጎምዥ። የሚያጎላው ወፉን ብቻ አይደለም፣ የእጅህን መንቀጥቀጥም ጭምር ነው። የሚያሳይህ የሰማይ ክፍልም ይጠባል፤ የሚበር ነገር ውስጡ ማስገባት ፈተና ይሆናል።
- ትንሽ ደብተርና እርሳስ። እርሳስ ያልኩት ለቁም ነገር ነው፤ ደብተሩ ሐይቅ ዳር ሲረጥብ የእስክሪብቶ ቀለም ይፈሳል።
- ሽርጥ። ትቀመጥበታለህ፣ ፀሐይ ሲበረታ ራስህ ላይ ጣል ታደርገዋለህ። መስታወት ግን አትጥረግበት፤ የተጣበቀበት አሸዋ ይጭረዋል።
- ኮፍያ፣ ለአንድ ሰው 3 ሊትር ውሃ፣ የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት።
- ለሐረማያ ጠዋት ጃኬት ወይም ጋቢ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረማያ 2,000 ገደማ። ድሬ ላይ በቲሸርት የወጣ ሰው እዚያ ሲደርስ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል።
- ቆሎ። ባጊያ ከወደድክ ያዝ፤ ግን ዘይት በነካው እጅህ ባይኖኩላር አትንካ።
- መታወቂያ።
- ስልክህ ላይ ሜርሊን የሚባለው፣ ወፍ ለመለየት የሚረዳ ነፃ አፕ። ለኢትዮጵያ የሚሆነውን የወፎች ጥቅል ቤት ሳለህ በዋይፋይ አውርድ። መንገድ ላይ ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራልሃል።

ካሜራ አልጻፍኩም። ካለህ ያዝ፤ ከሌለህ ግን ለዚህ ብለህ አትግዛ። ጀማሪ ካሜራ ይዞ ሲወጣ ቀኑን ሙሉ ወፍ ሳይሆን ስክሪን ሲያይ ይውላል።

ደረጃ 1፦ ባይኖኩላሩን ቤት ሳለህ ለዓይንህ አስተካክል

የሁለት ዓይናችን አቅም እኩል አይደለም። ሳታስተካክል ከወጣህ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ግንባርህን ያምሃል፣ ከዚያ «ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም» ትላለህ።

ራቅ ያለ የመብራት ሽቦ ምረጥ። ቀኝ ዓይንህን ጨፍነህ፣ መሃል ያለውን ጎማ እያዞርክ ሽቦው በግራ ዓይንህ ጥርት እስኪል አስተካክል። ቀጥለህ ግራውን ጨፍን። መሃለኛውን ጎማ ሳትነካ፣ በቀኝ ዓይን በኩል ያለውን ቀለበት ብቻ አዙርና አጥራው። ቀለበቱ የቆመበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርግበት። ከዚህ በኋላ የምትነካው የመሃሉን ብቻ ነው።

መነጽር የምታደርግ ከሆነ የዓይን ጎማዎቹን ወደ ታች አጥፋቸው። ካልሆነ ወደ ላይ አውጣቸው። ያገለገለ ዕቃ ስትገዛም እዚያው ሻጩ ፊት ሽቦ አይበት። አንዱ ሽቦ ሁለት ሆኖ ከታየህ ውስጡ ተናግቷልና ተወው። እኔ የመጀመሪያዬን ሳልሞክር በርካሽ ገዝቼ፣ አንድ ወር ሙሉ ሁሉም ወፍ መንታ ሆኖብኝ ነበር።

ደረጃ 2፦ ምን እንደምትፈልግ በወሩ ወስን

መስከረም ላይ ትንንሾቹ ይቀድማሉ። ከሜዳው ላይ ከከብት እግር ሥር የሚሯሯጡት ቢጫ ሆድ ወፎች፣ ጭራቸው እንደ መቀስ የተሰነጠቀው ሌሎቹ፣ ከፍ ብለው እየተጣሩ በቡድን የሚያልፉት ንብ በሎች። የሐይቅ ዳር ባለ ረጅም እግሮችም መድረስ ይጀምራሉ።

ጥቅምት የትልልቆቹ ነው። ከእስያና ከምሥራቅ አውሮፓ የሚወርዱት ንስሮች በብዛት የሚያልፉት ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ኅዳር መግቢያ ባለው ጊዜ ነው። ኅዳር ላይ ደግሞ የሐይቁ ዳክዬ ይበዛል። አንድ ቅዳሜ ብቻ ካለህ ከጥቅምት 10 እስከ 25 ያለውን ምረጥ፤ ሁለቱንም ዓይነት የማግኘት ዕድልህ ያኔ ሰፊ ነው።

ደረጃ 3፦ ከአንድ ቀን በፊት ሰማይ እይ፣ ሰው ጠይቅ

ትልልቅ ወፎች ዝናብ ሲጥል ያርፋሉ። ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ በጠራ ማግስት የተጠራቀሙት አብረው ይነሳሉ። ስለዚህ ከዝናብ ቀጥሎ ያለ ጥርት ያለ ቀን ካገኘህ ሌላ ቀጠሮ ሰርዝ።

የመንገዱን ሁኔታም ጠይቅ። ምርጡ ጠያቂ አንተ ሳትሆን የሚኒባስ ሾፌር የሚያውቅ ጓደኛህ ነው። ብዙ ሆናችሁ ከሆነ ደግሞ ለምትሄዱበት ቀበሌ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ሜዳ ላይ ተቀምጦ በባይኖኩላር የሚያይ ሰው ለማያውቀው ሁሉ ያጠራጥራል፤ አይፈረድበትም።

ደረጃ 4፦ ንጋት ላይ ሐረማያ ዳር ሁን

ከድሬ የምትነሳ ከሆነ በሌሊቱ 10 ተኩል ተነስ፣ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ሐይቁ ዳር ለመድረስ። ከሐረር ለሚመጣው ቅርብ ነው፤ አወዳይን አልፎ ትንሽ ነው። ሌሊቱን ሲበሉ ያደሩትም ሲተኙ ያደሩትም የሚንቀሳቀሱት በዚህ ሰዓት ነው። ነፋስ የለም፣ ውሃው ጸጥ ብሏል፣ ሙቀቱ አየሩን ስላላንቀጠቀጠው በባይኖኩላር የምታየው ጥርት ያለ ነው። ከ3 ሰዓት በኋላ ያው ወፍ ከምጣድ ላይ እንደሚነሳ እንፋሎት ይወላገድብሃል።

በምሥራቁ ዳር ተቀምጠህ ወደ ምዕራብ ተመልከት። ፀሐይ ከጀርባህ ትሁን። ወደ ፀሐይ ካየህ ሁሉም ወፍ ጥቁር ጥላ ነው፣ ቀለሙንም የእግሩንም መልክ አታገኘውም።

ሐይቁ ለዓመታት ደርቆ ነበር፣ ውሃው የተመለሰው በቅርብ ዓመታት ነው። ዳርቻው ከዓመት ዓመት ይለያያል፤ አምና የተቀመጥኩበት ዘንድሮ የድንች ማሳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «እዚህ ድንጋይ ሥር ተቀመጥ» አልልህም። የምትፈልገው ውሃው ቁርጭምጭሚት የማያልፍበትን፣ ጭቃው የሚያብለጨልጭበትን ጠርዝ ነው። ረጅም እግር ያላቸው ወፎች የሚበሉት እዚያ ነው። ጥልቁ የዳክዬ ነው።

ማሳ ሳትረግጥ በፊት ሰላም በል። በዕድሜ የገፋ ገበሬ ካገኘህ በኦሮምኛ «አካም ቡልተን» (እንዴት አደሩ) ብለህ እጅህን ዘርጋ፣ ለምን እንደመጣህ ንገረው፣ ባይኖኩላሩንም አሳየው። አንዴ አንድ አዛውንት ወስደው አዩበትና፣ ውሃ መሳቢያ ፓምፓቸው ላይ የተቀመጠችውን ትንሽ ወፍ አሳዩኝ። እኔ አንድ ሰዓት ስፈልጋት የነበረችውን!

አቀራረብህ ወሳኝ ነው። ፊት ለፊት በቀጥታ አትሂድ፤ ቀጥ ብሎ የሚመጣ ነገር ለወፍ አዳኝ ነው። ሰያፍ ሰያፍ እያልክ፣ ሌላ ቦታ የምትሄድ መስለህ ቅረብ። ከ100 እርምጃ ላይ ቁም። ዳክዬዎቹ መብላት ትተው አንገታቸውን ካቀኑ፣ በጣም ቀርበሃል ማለት ነው። ባለህበት ቁጭ በልና አምስት ደቂቃ ዝም በል። አንገታቸው ዝቅ ሲል መመልከት ጀምር። ነጭ ሸሚዝ ያጋልጥሃል፤ እኔ በቅዳሜ ነጭ ሸሚዜ ሄጄ፣ ከመንገዱ ሳልወርድ ውሃው ላይ የነበረው በሙሉ ሲነሳ አይቻለሁ። ቡኒ፣ አረንጓዴ፣ አፈር መሳይ ልበስ።

አንድ ነገር በቅርብ ላሳይህ። አምና ጥቅምት ላም የረገጠችው ጭቃ ላይ የኮቴው ጉድጓድ ውሃ ቋጥሯል። አንዲት ጀርባዋ ጠቆር ያለ፣ ሆዷ ነጭ፣ ከድንቢጥ ተለቅ ያለች ወፍ ከኮቴ ኮቴ እየሄደች ምንቃሯን ትነክራለች። በቆመች ቁጥር ወገቧን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች፣ እንደ ሚዛን። ስትነሳ ወገቧ ላይ ነጭ ብልጭ አለ፣ የክንፏ ውስጥ ደግሞ ጥቁር ነበር። እነዚህ ሦስቱ ይበቃሉ፤ ወገብ ማነቃነቅ፣ ነጭ ወገብ፣ ጥቁር የክንፍ ውስጥ። ከሰሜን አውሮፓና ከሰሜን እስያ ጫካ ረግረጎች የምትመጣ ናት። ደብተርህ ላይም የምትጽፈው እንዲህ ያለውን ነው፤ «ትንሽ ቡኒ ወፍ» ብለህ ከጻፍክ ማታ አፑ መቶ ወፍ ይደረድርልሃል።

ዳክዬ ላይ አትቸኩል። በዚህ ወቅት ብዙዎቹ የሰሜን ወንድ ዳክዬዎች ገና የሴቷን የመሰለ ደብዛዛ ላባ ለብሰዋል። በሥዕል ያየኸው አረንጓዴ ራስና ደማቅ ደረት የለም። ምንቃሩን እይ፤ እንደ ማንኪያ ሰፋ ያለ ምንቃር ያለው ዳክዬ ላባው ምንም ቢሆን አያሳስትህም።

ደረጃ 5፦ ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ደንገጎ ላይ ሁን

ከሐረማያ ወደ ድሬ የሚመለስ ሚኒባስ ያዝ። ደንገጎ ስትደርስ «ወራጅ አለ!»

ለምን ያን ሰዓት? ንስር ከባድ ነው። ክንፉን እያራገበ አገር አቋርጦ ቢሄድ ጉልበቱ ያልቃል። የሚጠብቀው መሬት ሲሞቅ ሽቅብ የሚወጣውን አየር ነው። አየሩ ላይ ተሳፍሮ እየተሽከረከረ ይወጣል፣ ከላይ ሲደርስ ክንፉን ዘርግቶ ይንሸራተታል፣ ሌላ ሞቃት አየር ይይዛል። ይህ አየር ጠዋት የለም። ባሕር ላይም ደካማ ነው። ለዚህ ነው ከዓረብ በኩል የሚመጡት በባብ ኤል መንደብ ጠባብ በኩል፣ ውሃው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ በሆነበት፣ ወደ ጅቡቲ የሚሻገሩት። በ1987 በፈረንጆች አቆጣጠር መኸር ላይ እዚያ ቆመው የቆጠሩ ሰዎች ወደ 250,000 የሚጠጉ ንስር፣ ጭልፊትና መሰሎቻቸውን መዝግበዋል። ከጅቡቲ ተነስቶ ወደ መሃል አገር ለሚወርድ ወፍ ደግሞ የእኛ ሜዳና ገደል ጥሩ መወጣጫ ነው። የድሬ ሜዳ ይግላል፣ ገደሉ ነፋሱን ወደ ላይ ይገፋዋል።

ከገደሉ ጫፍ ራቅ ብለህ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ብለህ፣ ወደ ሰሜን ወደ ድሬ ሜዳ ዞረህ ተቀመጥ። በዚህ ወቅት የቀትር ፀሐይ በደቡብ ናት፣ ስለዚህ ከጀርባህ ትሆናለች። ሌላም ጥቅም አለው። ከታች ድሬ ውስጥ፣ ከሰቢያን ወይም ከከዚራ ሰፈር ሆነህ ስታይ ወፉ ነጥብ ነው። ከጫፉ ላይ ግን እየወጣ ሲያልፍህ ትክክል በዓይንህ ከፍታ፣ አንዳንዴም ከበታችህ ነው። ጀርባውን ታያለህ። ጀርባውን ማየት ከታች ላለ ሰው የማይገኝ ዕድል ነው።

ሰማዩን ዝም ብለህ አትቃኝ። ጥርት ያለ ሰማያዊ ላይ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል፣ ሩቅ ያለውንም ወፍ ይስታል። ነጭ ደመና ፈልግና ጠርዙን ይዘህ ሂድ፤ ጥቁር ነጥብ ደመና ላይ ወዲያው ይታያል። ከዚያ የገደሉን መስመር ከቀኝ ወደ ግራ ቀስ ብለህ ጥረግ። ወፍ በባዶ ዓይንህ ካገኘህ በኋላ ዓይንህን ሳትነቅል ባይኖኩላሩን ወደ ዓይንህ አምጣ። ጎንበስ ብለህ ዕቃውን ካየህ ወፉን ታጣዋለህ። ይህንን ቤትህ ሰገነት ላይ በቁራ ተለማመድ።

ደረጃ 6፦ ከቀለም በፊት ቅርጽ

ሩቅ ላይ ቀለም ይዋሻል። ቅርጽ ይሻላል።

ጭልፊት ጭራው መሃሉ ላይ ገባ ያለ ነው፣ እየበረረም እንደ መሪ ያዞረዋል። ንስር ክንፉ እንደ ሳንቃ ወርዱ እኩል፣ ጫፉ ላይ እንደ ጣት የተለያዩ ላባዎች አሉት። ከሩቅ እስያ የሚመጣው ንስር ገና ወጣት ከሆነ በክንፉ ሥር ርዝመቱን ሙሉ የሚሄድ ነጭ መስመር አለው። ይህ መስመር ደንገጎ ላይ ሆነህ በባይኖኩላር በደንብ ይለያል፤ አንዴ ካየኸው አይጠፋህም። እዚሁ የሚኖረው ቡኒ ንስር ይህ መስመር ጎልቶ የለውም።

በጣም የሚያሳስተው ሽመላና ነጩ ጥንብ አንሳ ናቸው። ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ሁለቱም የክንፋቸው ኋለኛ ግማሽ ጥቁር ነው። ከሥር ስታያቸው አንድ ይመስላሉ። አንገትና እግር እይ። ሽመላ ረጅም አንገቱን ፊት ለፊት ዘርግቶ፣ እግሮቹ ከጭራው አልፈው ነው የሚሄደው። ጥንብ አንሳው አንገቱ አይታይም፣ ጭራው ሹል ነው፣ ፊቱ ቢጫ ነው። ይህ ጥንብ አንሳ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ውስጥ ነው። ከባልካን አገሮች መከታተያ ከተገጠመላቸው ውስጥ የአገራቸውን የብርድ ወራት ኢትዮጵያ የሚያሳልፉ አሉ። ልጁ ግን ቡኒ ነው፤ ነጭ ካልሆነ አይደለም አትበል።

ስልክ ሽቦ ላይ ተደርድረው የምታያቸው ትንንሽ ጭልፊቶችስ? ኅዳር ላይ በቡድን ከሆኑ አብዛኛውን ጊዜ እንግዶች ናቸው። አንበጣና ምስጥ ይለቅማሉ።

ደረጃ 7፦ ቆጠራ፣ ሲወጡ ሳይሆን ሲለቁ

የሚሽከረከር መንጋ መቁጠር የማይቻል ነው። አንዱ ከሌላው ጀርባ ይገባል፣ አራት ጊዜ አንዱን ትቆጥራለህ። ዝም ብለህ ጠብቅ። ከላይ ሲደርሱ አንድ በአንድ እየለቀቁ ቀጥ ባለ ሰልፍ ይንሸራተታሉ። ያኔ ቁጠር።

ከ50 በላይ ከሆኑ አሥሩን በትክክል ቁጠርና ያ አሥር ሰማይ ላይ ምን ያህል ቦታ እንደያዘ አስተውል። ከዚያ በዚያ ልክ እየቆረጥክ «አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ» በል። ሁለት ሆናችሁ ከሆነ አንዱ ይቁጠር፣ ሌላው ይጻፍ። ሁለታችሁም እያያችሁ ብትቆጥሩ ቁጥሩን በአፍ መለዋወጥ ያደናግራል።

ደብተሩ ላይ እንዲህ በቂ ነው፦ ቀን፣ ቦታ፣ የጀመርክበትና የጨረስክበት ሰዓት፣ ነፋስ ከየት፣ ወፍ፣ ቁጥር፣ የሄዱበት አቅጣጫ። የጨረስክበትን ሰዓት አትርሳ። «40 ንስር» በ20 ደቂቃ እና «40 ንስር» በአምስት ሰዓት አንድ አይደሉም። ምንም ካላየህም «ምንም» ብለህ ጻፍ፤ ለሚቀጥለው ዓመት የትኛውን ሰዓት መዝለል እንዳለብህ ይነግርሃል።

ደረጃ 8፦ ሐረር የምታድር ከሆነ

ጀጎል ውስጥ ሥጋ ገበያው ጋ ጭልፊቶቹ ጣሪያው ላይ ናቸው። እዚህ ባይኖኩላር አያስፈልግም፤ ይልቁንስ የያዝከውን ሥጋ ጠበቅ አድርግ። ምንቃራቸውን እይ። ሙሉ በሙሉ ቢጫ ከሆነ የአፍሪካው ነው። ጫፉ ጥቁር ሆኖ ሥሩ ብቻ ቢጫ ከሆነ ከሰሜን የመጣ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ልጆቹ ግን ሁሉም ጥቁር ምንቃር አላቸው፤ ደረቱና ሆዱ ላይ ገርጣ ያሉ ነጠብጣቦች ካየህ «ልጅ» ብለህ እለፍ።

ማታ ጅቡን የምታይ ከሆነ ከሚመግቡት ሰዎች ጋር ሆነህ እይ። የስልክህን ፍላሽ አጥፋ። ቡችሎች በፍላሽ ከደነገጡ ያን ማታ አይመለሱም፣ ከኋላህ የቆመውም ሰው ይቆጣሃል።

ተጠንቀቅ

- ባይኖኩላር ወደ ፀሐይ በጭራሽ አታዙር። ንስር ተከትለህ ስትሄድ ፀሐዩ ላይ ድንገት ትደርሳለህ። ወፉ ወደ ፀሐይ ከተጠጋ ወዲያው አውርድ። ዓይን የሚጠፋው በቅጽበት ነው።
- አየር ማረፊያ፣ ካምፕ፣ ኬላና ድልድይ አካባቢ ባይኖኩላርም ካሜራም ከቦርሳ አይውጣ። ድሬ አየር ማረፊያ ሜዳ ላይ ጥሩ ወፍ እንዳለ አውቃለሁ፤ ተወው።
- ድሬን አቋርጦ በሚያልፈው በደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ተቀምጠህ ወፍ አትይ። ድሬ ላይ ጠራራ ፀሐይ ሆኖ ከላይ ደጋው ላይ ዝናብ ከጣለ፣ ጎርፉ ሳትሰማው ይደርሳል። መስከረም ላይ ይህ አልቀረም።
- ደንገጎ መንገድ ላይ ኩርባ ላይ አትቁም። ከባድ መኪና የሚወርድበት ነው። የገደሉ ጫፍ ድንጋይም ይንሸራተታል።
- ዝንጀሮ ምንም አታጉርስ። አንዴ የለመደ ዝንጀሮ ቀጥሎ የሚመጣውን ሰው ቦርሳ ይነጥቃል።
- ሐይቁ ውስጥ አትግባ። ጠርዙ ደረቅ ይመስልና ጉልበት ድረስ ይውጣል።
- የሞተ ወፍ በእጅህ አትንካ። በሽታም መርዝም ሊሆን ይችላል። በትልልቅ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ሥር የወደቀ ንስር ካገኘህ ፎቶ አንሳ፣ ቦታውን ጻፍ፣ ተመለስ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው

በዝቶ መሄድ ይቀድማል። አራት ሰው ልኩ ነው። አሥር ሰው ሽርሽር ነው፣ ሽርሽር ደስ ይላል፣ ወፍ ግን አይታይም።

የወፍ ድምፅ በስልክ እየከፈቱ መጥራት ሁለተኛው ነው። ሺህ ኪሎ ሜትሮች በርሮ የመጣ ወፍ ማረፍና መብላት አለበት፤ ባላጋራ መጣ ብሎ ጉልበቱን ያባክናል። ለማባረርና ሲነሱ ለመቅረጽ ድንጋይ መወርወርም ያው ነው፣ የባሰ ነው እንጂ።

ከዚያ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሐረማያ ተመልሶ መሄድ። ነፋሱ ውሃውን ያናውጠዋል። ምናልባት 10 ሰዓት ካለፈ እሺ፤ ያኔ ሰዉ በርጫ (ጫት መቃሚያ) ላይ ስለሆነ ዳርቻው ጭር ይላል፣ ነፋሱም ጋብ ይላል። በዚህ ሰዓት ግን በምዕራቡ ዳር ተቀምጠህ ወደ ምሥራቅ ነው የምታየው።

ባሕሩ ድረስ መሄድ ለሚፈልግ

ይህንንም ይጠይቁኛል። ከድሬ በባቡር ጅቡቲ መውረድ ይቻላል። ፓስፖርትህንና የቪዛውን ነገር አስቀድመህ ጨርስ፣ የባቡሩንም ፕሮግራም ከመሄድህ በፊት አረጋግጥ።

እዚያ ሕጉ ይለወጣል። ፀሐይ ሳይሆን የባሕሩ መሸሽና መመለስ ነው ሰዓት የሚሰጥህ። ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ገደማ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። ሆቴል ያለ ሰው ወይም ዓሣ አጥማጅ የዕለቱን ይነግርሃል። ውሃው ሙሉ በሙሉ ከሸሸ ወፎቹ ሩቅ ጭቃ ላይ ተበትነው ነጥብ ይሆኑብሃል። ውሃው ሊሞላ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ዳር ላይ ተቀመጥ። ጭቃው ሲጠብ ወፎቹ ራሳቸው ወደ አንተ ይገፋሉ። ፍላሚንጎ፣ እንዲሁም ጥቁርና ነጭ የሆነ፣ ወፍራም ጥቁር ምንቃር ያለው፣ ሸርጣን የሚበላ ወፍ ፈልግ። ይህን ሁለተኛውን ሐረማያ ላይ አታገኘውም፣ የባሕር ዳር ወፍ ነው።

ከኅዳር እስከ ጥር ከሆነ የሄድከው፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ አርታ ባሕር ዳርቻ በኩል ዌል ሻርክ የሚባል ግዙፍ ዓሣ ይመጣል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ምግቡ ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። በጀልባ የምትሄድ ከሆነ ሞተሩን ራቅ ብሎ እንዲያጠፋ አስቀድመህ ተስማማ። ዓሣውን አትንካ፣ ከፊቱም አትዋኝ፤ ከፊቱ የቆመ ሰው ካየ ወደ ታች ይጠልቃል፣ ጨዋታውም ያበቃል።

እግሩ ላይ ቀለበት ያለው ወፍ ካየህ

ይህ ብዙ ጊዜ አይገጥምም፣ ሲገጥም ግን ሰው ይደነግጥና ያበላሸዋል። ቀለበቱ ላይ ፊደልና ቁጥር አለ። ወፉን ለመያዝ አትሞክር። በባይኖኩላር ወይም በስልክህ አጉልተህ የቀለበቱን ቀለም፣ የትኛው እግር ላይ እንደሆነ፣ ከተቻለም ቁጥሩን ጻፍ። ግራ ቀኙ የወፉ ግራ ቀኝ እንጂ ያንተ አይደለም። ቀንና ቦታ ጨምርና ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አሳውቅ። ፎቶው ደብዛዛ ከሆነ አታስተካክለው፣ እንዳለ ላከው።